የአሮጌ መኪና ዝገት፤ አመጣጡ፥ ማስቆሚያውና ጥገናው

ገበሬ በስንዴው ቅጠል ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ባየ ጊዜ ዋግ መግባቱን ያውቃል። ነጥቡ ትንሽ ነው ብሎም ችላ አይለውም፤ ዛሬ በአንድ ቅጠል ላይ የታየው ነገ ማሳውን ሁሉ እንደሚያዳርሰው ከአባቶቹ ተምሯልና። ይኸው ገበሬ ግን ምርቱን ወደ ገበያ በሚያደርስለት አሮጌ መኪና በር ሥር ያንኑ የመሰለ ነጥብ ባየ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ «ያረጀ ነገር መዛጉ አይቀርም» ብሎ ያልፈዋል። የመሥሪያ ቤት ኀላፊውም ሆነ የከተማው ነጋዴ ከዚህ አሳብ ነፃ አይደሉም።

ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ዝገት የዕድሜ ውጤት ሳይሆን የውሃ፥ የአየርና የጨው ውጤት ነው። በደንብ የተያዘ የ30 ዓመት መኪና አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ፥ ችላ የተባለ የ8 ዓመት መኪና ወለሉ ተበስቶ መንገዱን ከታች ሊያሳይ ይችላል። በአፍሪካ ቀንድ አገሮች አዲስ መኪና መግዛት ለብዙ ሰው ከዐቅም በላይ ስለ ሆነ፥ ያለውን መኪና ከዝገት ማዳን ከእርሻ መሣሪያ አያያዝ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ቁም ነገር ነው። ስለዚህ የዝገትን አመጣጥ፥ የሚመረመርበትን ቦታ፥ የጥገናውን ሥርዐትና ለሕይወት የሚያሰጋበትን ደረጃ ከዚህ በታች በየተራ እንገልጻለን።

ዝገት ምንድር ነው?

ብረት ከምድር ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በቀይ ድንጋይና በቀይ አፈር መልክ ይገኛል፤ በብርቱ እሳትም ቀልጦ ከኦክስጅኑ ይለያል። በዚህ አኳኋን በግድ የተለየው ብረት ዕድል ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ ዝገት የምንለውም ይኸው መመለስ ነው። ለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው፤ እነርሱም ውሃና ኦክስጅን ናቸው። አንዱ ከጐደለ ብረት አይዝግም። ቀለም፥ ሰምና ግራሶ የሚጠቅሙትም በብረቱና በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገብተው ስለሚከለክሉ ብቻ ነው።

ውሃ ሲባል ዝናብ ብቻ አይደለም። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ባለፈ ጊዜ በዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን በተራቆተ ብረት ላይ ያርፋል። ጨው በተጨመረበት ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። አንደኛ፥ የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ በደረሰ ጊዜ ውሃ ከአየር ስቦ ራሱ ይሟሟል፤ ስለዚህ ጨው ያረፈበት ብረት ዝናብ ባይዘንብም እርጥብ ሆኖ ይቈያል። ሁለተኛ፥ ዝገት በመሠረቱ በትንሽ ባትሪ ውስጥ እንደሚሆነው ያለ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ጨዋማ ውሃም ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ሥራውን ያፋጥነዋል።

በብረት ላይ የቀረች አንዲት የውሃ ጠብታ ብንመለከት ነገሩ ይገባናል። የጠብታዋ ዳር ከአየር ብዙ ኦክስጅን ሲያገኝ መካከሏ ጥቂት ብቻ ያገኛል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ብረቱ የሚበላው ከመካከል ነው፤ ዝገቱ ግን በዙሪያዋ እንደ ቀለበት ይታያል። በመኪና ጉንጭ ውስጥ ተለጥፎ የቀረ ጭቃም እንዲሁ ነው። ከሥሩ አየር በሌለበት ብረቱ እየተቦረቦረ፥ ከላይ ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ከዚህም በላይ ዝገት ከብረቱ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፥ ከሥር እየገፋ ቀለሙን ያሳብጠዋል። እንግዲህ ያበጠው ቀለም የዝገት መጀመሪያ ሳይሆን፥ ሥራው ከቈየ በኋላ የሚታይ ምልክት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በአገራችን አካባቢ ዝገት የሚበረታበት ቦታ

በጅቡቲ፥ በምፅዋ፥ በአሰብና በበርበራ የባሕሩ ነፋስ ጨው ተሸክሞ ስለሚነፍስ፥ ለአንድ ሌሊት የቆመ መኪና እንኳ ጧት በጣት ቢዳሰስ ጨው ጨው ይላል። በደጋው አገር አየሩ በበጋ ደረቅ ስለ ሆነ ዝገት ዝግ ይላል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጭቃው ስለማይደርቅ ብረቱም አይደርቅም። ከሁሉ የሚጐዳው በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መኪና ነው። ከምፅዋ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ወደሚገኘው ወደ አስመራ የሚወጣ የጭነት መኪና፥ በቆላ የለበሰውን ጨው በደጋ ጤዛ ያርሰዋል።

የጭነቱ ዐይነትም ሊታሰብ ይገባል። በአፋር ከአፍዴራ ጨው የሚጭኑ መኪኖች ጉዳት ለሁሉ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ማዳበሪያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ማዳበሪያ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመጣል፤ ዩሪያም ሆነ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ በኬሚስትሪ ዐይን ሲታይ ውሃ የሚስብና ብረትን የሚበላ ነገር ነው። ከተቀደደ ጆንያ ፈስሶ በካሶኒው ማዕዘን የቀረ አንድ እፍኝ ማዳበሪያ ከአንድ ክረምት ዝናብ የበለጠ ሊጐዳ ይችላል። እርጥብ ፍግም እንዲሁ ነው። እንዲሁም በአውሮፓ ክረምት በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፥ ከዚያ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያብረቀርቀውን ቀለም ብቻ ሳይሆን ሆዱንም አጎንብሶ ማየት ይገባዋል።

የመኪናው ብረት ዐይነት

ሁሉም መኪና በአንድ ዐይነት አይዝግም። ላንድሮቨር በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲወጣ፥ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነበር። ስለዚህ የአሮጌ ላንድሮቨር ባለቤት አካሉ አልዛገም ብሎ ሊታለል አይገባውም፤ ሻንሲው ከሥሩ ሊያልቅ ይችላልና። ደግሞም አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ውስጥ በተነካኩ ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ምልክቱም ነጭ ዱቄት ነው።

ሌላው ጠባቂ ዚንክ ነው። የቤታችን ጣራ ቆርቆሮ ለብዙ ዓመት ሳይዝግ የሚቈየው በዚንክ ስለ ተለበጠ ነው። ዚንክ ብረትን የሚሸፍን ብቻ ሳይሆን፥ ሲጫር እንኳ ራሱ በመጀመሪያ እየተበላ ብረቱን ያድናል። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ለመኪና አካል በሰፊው መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ይህ ጥበቃ አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለው የበለጠ እንክብካቤ ይፈልጋል።

ምርመራ

ምርመራው መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፥ በብርሃን ይደረግ። የሚመረመሩትም ቦታዎች የሚከተሉት ናቸው፤ በፓራፋንጎ ውስጥ ጭቃ የሚቈለልበት ስፍራ፤ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝና የበሩ ደፍ፤ በወለሉ ምንጣፍ ሥር፤ በፊተኛው መስተዋት ጎማ ዙሪያ፤ በባትሪው መቀመጫ ሥር፤ የካሶኒው ማዕዘኖች፤ በመጨረሻም ሻንሲው፥ የባሌስትራው ማያያዣዎችና የፍሬን ቱቦዎች። በበሩና በደፉ ሥር ውሃ እንዲወርድባቸው የተሠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህ በጭቃ የተደፈኑ እንደ ሆነ በሩ ከውስጥ እንደ እንስራ ውሃ ይይዛልና በቀጭን ሽቦ ይከፈቱ።

ያበጠ ቀለም በተገኘበት ቦታ ሁሉ በካቻቢቴ ጫፍ መጠነኛ ግፊት ይደረግ። ብረቱ የጠነከረና ዝገቱ በላዩ ብቻ ያለ እንደ ሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። የተቦረቦረ ነገር ግን ያልተበሳ እንደ ሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ካቻቢቴው ያለፈ እንደ ሆነ ሦስተኛ ደረጃ ነው። የመኪና አካል ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከአንደኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ለመድረስ ብዙ ክረምት አያስፈልገውም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ዝገት ጥገና

ይህን ሥራ ትዕግሥት ያለው ባለንብረት በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ሥራው በደረቅ ወራት፥ ጤዛው ካለፈ በኋላ በጥላ ሥር ይሠራ። በጠራራ ፀሐይ የጋለ ላሜራ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይጣበቅ ይደርቃል። የቀይ ባሕር ጠረፍ ዝናቡን የሚያገኘው በደጋው ክረምት ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚኖር ሰው ወራቱን በዚሁ መሠረት ይምረጥ።

በመጀመሪያ ቦታው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጨው በመፋቅ አይወጣም፥ በውሃ ነው የሚወጣው። ከደረቀ በኋላ ቅባቱ በቲነር በራሰ ጨርቅ ይጠረግ። ቀጥሎም ያበጠው ቀለም ተፍቆ፥ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ይነሣ። መፋቁ በዝገቱ ዳር አይቁም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው ቀለም ይግባ፤ ዝገት ከሚታይበት ቦታ አልፎ በቀለሙ ሥር ይሄዳልና። የቀለሙ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ እስከማይታወቅ ድረስ በለስላሳ ወረቀት ይስተካከል። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፥ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ወረቀቱንም በውሃ እያራሰ ይፈግፍግ፤ ሕፃናትም ከአካባቢው ይራቁ።

በተቦረቦረው ውስጥ ብሩሽ የማይደርስበት ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ለዚህ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መድኃኒት ይቀባል፤ ይህም የቀረውን ዝገት ወደማይሠራ የብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ አሲድ መንካት አይገባም። ማቅጠን ያስፈለገ እንደ ሆነ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመር እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመር። ከሥራው በኋላ በዕቃው ላይ የተጻፈው መመሪያ ይታጠብ ካለ ይታጠብ፥ አይታጠብ ካለ ይተው።

ብረቱ ከደረቀ በኋላ ፀረ ዝገት ቀለም በዚያው ቀን ይቀባ፤ የተራቆተ ብረት ሌሊቱን ካደረ ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ቀለም ሲመረጥ አንድ ነገር ይታወቅ። ዚንክ የበዛበት ፀረ ዝገት ቀለም የሚሠራው ዚንኩ ንጹሑን ብረት በቀጥታ የነካ እንደ ሆነ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዝገት ወይም በዝገት መድኃኒት ላይ ቢቀባ ጥቅሙን ያጣል። መድኃኒቱ በተቀባበት ቦታ ኤፖክሲ የተባለው ይሻላል፤ እርሱ ውሃን አጥብቆ ይከለክላል። ግራጫው ተራ ቀለም ግን ውሃ ስለሚያሳልፍ፥ የላይኛው ቀለም ሳይደረብበት ለወራት መኪናውን ማሽከርከር ዝገትን መጋበዝ ነው። ጉድጓዱ እንዲስተካከል ካስፈለገ ስቱኮ በጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ይለጠፍና ይፈግፈግ፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ፀረ ዝገት፥ ሁለት ጊዜ የላይኛው ቀለም፥ እያንዳንዱ እየደረቀ ይቀባ።

ላሜራው የተበሳ እንደ ሆነ

ቀዳዳን በስቱኮ መድፈን ብዙ ጊዜ የሚታይ ማታለያ ነው። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይጠጣል፤ ከኋላው ብረት ስለሌለው ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ክረምት በኋላ ቀዳዳው ሰፍቶ ይወድቃል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ በበሮቹ ሥርና በፓራፋንጎው ዙሪያ ቢያስጠጋ፥ ማግኔቱ በማይዝበት ቦታ ወፍራም ስቱኮ መኖሩን ያገኛል። አካሉ አሉሚኒየም ለሆነ መኪና ግን ይህ ምርመራ አይሠራም።

በቀዳዳው ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ በሪቬት አጣብቆ ሬንጅ መቀባትም እንደዚሁ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል የቀረው ክፍተት ውሃ ይዞ ስለሚቈይ ዝገቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አያቆመውም።

ትክክለኛው ጥገና ይህ ነው። የተበላው ላሜራ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቈርጦ ይውጣ። ከእርሱ ጋር እኩል ውፍረት ያለው አዲስ ላሜራ በልኩ ይቈረጥ። በያጁም በአንድ መስመር በተከታታይ ሳይበይድ፥ አንድ ነጥብ እዚህ አንድ ነጥብ እዚያ እያራራቀ ይያያዘው፤ አለዚያ ሙቀቱ ስሱን ላሜራ ያጣምመዋል። ብየዳው በግራይንደር ከተስተካከለ በኋላ መጋጠሚያው በማሸጊያ ይደፈን፤ የውጭው ብቻ ሳይሆን የኋላው ገጽም ቀለም ይቀባ። የብየዳ ሙቀት ከኋላ ያለውን ቀለም ስለሚያቃጥለው፥ ይህ የተረሳ እንደ ሆነ አዲሱ ላሜራ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል።

ስለ ብየዳ አደጋ ጥቂት እንናገር። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይፈታ፤ ምንጣፍና መቀመጫ ይውጡ፤ የእሳት ማጥፊያ ወይም አሸዋ በአጠገብ ይኑር። ባዶ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ከሙሉው ይልቅ ያስፈራል፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሚፈነዳ ማንም ሰው በደጁ ሊበይደው አይገባም። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ስለዚህ ዚንኩ በቅድሚያ ተፍቆ ይነሣ፤ ሥራውም ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሠራ።

ሻንሲና ፍሬን

እስካሁን የተነገረው ስለ ንብረት ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ስለ ሕይወት ነው። የዛገ በር መልክ ያበላሻል፤ የዛገ ሻንሲ ግን ሰው ይገድላል። ባሌስትራው የሚያያዝበት፥ መሪው የሚታሰርበትና የመቀመጫ ቀበቶው የተቸነከረበት ቦታ ሸክም የሚሸከም ስለ ሆነ ስቱኮም፥ ስስ ላሜራም፥ የጀማሪ ብየዳም አይገባውም። ሻንሲው በመዶሻ ሲመታ ጤነኛ ቦታው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል፤ ዝገቱም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየ እንደ ሆነ መኪናው ጭነት ሳይጭን በሙያው ለታወቀ ሰው ይቅረብ።

የዛገ የፍሬን ቱቦ አይጠገንም፤ ይለወጣል። ፍሬን ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከፍተኛ ነው፤ በዝገት የሳሳውም ቱቦ የሚፈነዳው ፍሬኑ በብርቱ በተፈለገበት ሰዓት ነው። ቲማቲምና ሰው አብሮ የጫነ መኪና በቁልቁለት ላይ ይህ ቢደርስበት የሚሆነውን ለመንገር ቃል አያስፈልግም። የመኪና ኀላፊነት ያለበት የመሥሪያ ቤት ሹምም ቀለሙን ከማስዋብ አስቀድሞ የሻንሲውንና የፍሬኑን ምርመራ በመዝገብ እንዲያዝ ቢያደርግ ሥራውን እንደ ሠራ ይቈጠርለታል።

የተቃጠለ ዘይት የመርጨት ልማድ

ብዙ ሰው በመኪናው ሆድ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይረጫል። ዘይት ውሃን ለጊዜው መከልከሉ እውነት ነው፤ ጉዳቱ ግን ይበልጣል። የማያያዣ ጎማዎችን ያሳብጣል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ በፍሬን ላይ ከፈሰሰ ፍሬኑን ያሰንፋል። በእጅ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። በዝናብ ታጥቦም ወደ ማሳና ወደ ጕድጓድ ውሃ ይገባል። ስለዚህ በሻንሲው ውስጥ፥ በበሮችና በደፉ ባዶ ክፍል ለዚሁ የተሠራ ሰም ቢረጭ፥ ይህ ባይገኝ ንጹሕ ግራሶ ቢቀባ ይሻላል። ግን የውሃ መውረጃዎቹ እንዳይደፈኑ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ቅባቱም በደረቀና በጸዳ ብረት ላይ ይሁን። በእርጥብ ጭቃ ላይ የተቀባ ሰም ጠላትን በቤት ውስጥ እንደ መቈለፍ ነው።

የዓመቱ ሥራ

ሥራውን በወራት የከፈለ ሰው አይቸገርም። በግንቦት፥ ዝናቡ ሳይጠና፥ የውሃ መውረጃዎች ይከፈቱ፤ የተጫረ ቀለም ይቀባ፤ ሰሙም ይታደስ። በክረምት በየሳምንቱ በፓራፋንጎው ሥር የተቈለለው ጭቃ በውሃ ይውረድ፤ ምንጣፉም እየተነሣ ይድረቅ። በጥቅምት መኪናው ከሥር እስከ ላይ ይመርመር፤ የብየዳና የቀለም ሥራም በበጋው ይፈጸም። ከባሕር ጠረፍ በተመለሱ ቁጥር፥ ጨው ወይም ማዳበሪያ ባራገፉም ቁጥር ወዲያው በንጹሕ ውሃ ከላይም ከታችም ይታጠብ። በእርጥብ ሸራ የተሸፈነ መኪና ካልተሸፈነው የበለጠ ስለሚዝግ ሸራው አየር የሚያስገባ ይሁን።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ባልዲ ውሃ፥ አንድ ብሩሽ፥ ጥቂት ቀለምና የሚያይ ዓይን ነው። ዝገት አንድ ጊዜ ብረቱን ከበላ በኋላ ግን የበላውን አይመልስም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእሳት ብቻ ሳይሆን ለዝገትም ነውና፥ ባለመኪና ሁሉ ቀለሙ ያበጠበትን ቦታ ዛሬውኑ ፈልጎ ያግኝ።